ጤፍ አምራቹ አባቴ ጤፍ ለምን ገዛ? የድሮ ዋጋ የምታስታውሱ ወዲህ በሉ

ባለ ደብተሩ (ክሩን የከፈተ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት እናቴን ወደ እኔ ላመጣት አገር ቤት ሄጄ ነበር፤ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ። ዕቃ ስናሰናዳ ከሳጥኑ ሥር፣ ከግብር ደረሰኞች ጋር በሲባጎ የታሰረ ደብተር ወጣ። የአባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። አባቴ ፊደል የቆጠረው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጆች ከወለደ በኋላ ነው። መጻፍ ከቻለ ወዲያ እጁ አርፎ አልተቀመጠም መሰለኝ፤ ከ1976 እስከ 1983 የሸጠውንም የገዛውንም አስፍሯል። ሌላ ወሬ የለበትም። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ የሚል እንኳ የለም። ዋጋ ብቻ።

«ጥቅምት 12። ጨው 2 ኪሎ 1.60። ላምባ 1 ጠርሙስ 0.60። እርሳስ 0.10።» ይኼን የመሰለ ነው ሁሉም። ያልገባኝ ይኼ ነው፦

«ጥር 14 ቀን 1979። ጤፍ 2 ኩንታል ገዛሁ 164 ብር።»
«ጥር 17 ቀን 1979። ጤፍ 2 ኩንታል ሸጥኩ 82 ብር።»

እኛ ጤፍ አምራቾች ነን። ጥር ደግሞ ጎታ የሚሞላበት ወር ነው። አባቴ በዚያ ወር ጤፍ ገዝቶ በሦስተኛው ቀን በግማሽ ዋጋ የሸጠው ምን ነክቶት ነው? እናቴን ብጠይቃት «አባትህ መቼ ነግዶ ያውቅና» ብላ ዘጋችኝ። እኔ 1983 ነው የተወለድኩት፣ ምንም አላውቅም። የሚያውቅ ካለ?

የመርካቶ ልጅ
41 ብር! አንድ ኩንታል ጤፍ! ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ከፍለን ነው እኮ ደግሞ «የተቀየጠ ነው» እየተባልን የምንወስደው። ያ ዘመን ምን ይባላል ጎበዝ። እናቴ የቀበሌ ካርዷን ይዛ ትሰለፍና ለቤተሰቡ የተመደበውን ጤፍ ከገበያው በጣም ባነሰ ዋጋ አንስታ ትመጣ ነበር። ሰልፉ አድካሚ ነበር፣ አልክድም፤ ግን በርካሽ በልተን አድገናል። የአባትህ ነገር ግን ለእኔም ግራ ነው። ምናልባት ቁጥሩን ገልብጠው ጽፈውት ይሆን?

ምላሰ ጥሬ
በ82 ገዝተው በ164 ሸጠው ቢሆንማ ልጃቸው ዛሬ እዚህ ክር አይከፍትም ነበር፤ ሕንፃ ነበር የሚከፍተው 😂

ባለ ደብተሩ
አልተገለበጠም። ከታች ደምሮታል። «ጉድለት 82» ብሎ አስምሮበታል።

የቀድሞ ጸሐፊ
ልጄ፣ አባትህ አልተሳሳቱም፣ አልነገዱምም። ኮታ ነው።

ያኔ መንግሥት ከገበሬው እህል የሚገዛው በቁርጥ ዋጋ ነበር። ነጭ ጤፍ በእኛ በኩል በኩንታል 41፣ 42 ብር ነው። ጨው ይወደድ፣ ጨርቅ ይወደድ፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። መጠኑ ከላይ ይወርዳል፤ ክፍለ ሀገሩ ለአውራጃ፣ አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለገበሬ ማህበር። ማህበሩ በየአባወራው ይደለድላል። ድልድሉ አውድማ አይቶ አይደለም የሚሠራ። ከዚያ ወዲህ በረዶ ይምታህ፣ ተምች ይውረድብህ፣ የተጻፈብህ ተጽፎብሃል። «ከየትም አምጣ» ነው። የጎደለበት ሰው ገበያ ወጥቶ በ80፣ በ85 ይገዛና በ41 ያስረክባል። አባትህ ያደረጉት ይኼንኑ ነው፤ ጥር ደግሞ ዋናው የማስረከቢያ ጊዜ ነው።

ያላስረከበ ሰው ከአገልግሎት ኅብረት ሥራው ሱቅ ስኳር፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ የለውም። ሲብስ ይታሰራል። ወስዶ አዲስ አበባ እንዳይሸጥ አባይን ሳይሻገር ኬላ አለ፤ የነጋዴ እህል እዚያው ይወረሳል። በተለይ ጎጃምና አርሲ፣ ተራፊ አምራች ስለሆኑ፣ ጥብቅ ነበር።

ይኼን የምለው ሰምቼ አይደለም። የገበሬ ማህበር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከአንተ አገር ሳይሆን ከወዲያ ከቢቸና በኩል። ድልድሉን በእጄ ነው የምጽፈው። የወንድሜን ስም ላይ 3 ኩንታል ጽፌ ማታ እቤቱ ራት በልቻለሁ።

ባለ ደብተሩ
አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጤፍ ገበሬ ልጅ ነኝ እያልኩ ይኼን አለማወቄ ገረመኝ። በቤታችን «ኮታ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም።

የመርካቶ ልጅ
አንድ ነገር ልጠይቅ ጋሼ። እኛ ቀበሌ የምንወስደው ጤፍ ያው ነው?

የቀድሞ ጸሐፊ
ያው ነው። ለከተማ ቀበሌ፣ ለጦሩ፣ ለሆስፒታልና ለመሳሰለው ነበር የሚሄደው። ርካሽ የሆነላችሁ በ41 ስለተገዛ ነው። አትሸማቀቅ፣ አንተ ልጅ ነበርክ። እናትህም ተሰልፈው ነው ያገኙት።

አሰላ
ኮታው ክፉ ነበር፣ እኔም ከአርሲ ነኝ፣ እናውቀዋለን። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያነሳ ሰው ሲጠፋ ይከፋኛል። አያቴ ጭላሎ ላይ ጭሰኛ ነበር። አውድማው ላይ የባለመሬቱ ሰው ቁሞ እኩል ነው የሚካፈለው፤ ዘሩና በሬው የራሱ የአያቴ ሆኖ። በዓል ሲመጣ በግ፣ ማር፣ ማገዶ አለ። ማዳበሪያና ትራክተር ወደ እኛ አገር ሲገባ ደግሞ መሬቱ ተወደደና ባለመሬቱ «እኔው ላርሰው» አለ፤ ብዙ ጭሰኛ ተነቀለ። አያቴ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣውን አዋጅ በሬዲዮ የሰማበትን ቤት፣ የተቀመጠበትን በርጩማ ሳይቀር እስኪሞት ያወራ ነበር። ዋጋ አንስቶ ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም። ምን ዋጋ አለው? የሚሸጠው አልነበረማ፤ የሚተርፈው የሚበላ ብቻ ነበር።

የቀድሞ ጸሐፊ
እውነት ነው። እኛ ጎጃም ርስት ስለነበረን ጭሰኝነቱ እንደናንተ አልጠናብንም። እኛን ያስነሳን በ1960 የመጣው የእርሻ ገቢ ግብር ነው። «መሬቴን ሊለኩብኝ ነው» ብሎ አገሬው ሸፈተ፤ አባቴም ከዚያው ውስጥ ነበር። አገሩ ሲለያይ ቁስሉም ይለያያል።

ጓዳ
ወንዶቹ ስለ ኩንታል ታወራላችሁ። እኔ ደግሞ ስለ ዕንቁላል ላውራ።

ወሎ ነው ያደግሁት፣ ከደሴ ወደ ላይ። ኩንታሉ የአባወራው ነው፣ እሱ ያውቅበታል። እናቴ የምታዝበት ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ጌሾና የፈተለችው ጥጥ ብቻ ነበር። ዕንቁላል በአምስት ሳንቲም ሲሸጥ አስታውሳለሁ፤ በኋላ አስር ገባ። በአምስት ሳንቲሙ ጊዜ አምስት ዕንቁላል ስሙኒ፣ አስር ዕንቁላል ሽልንግ ማለት ነው (ሽልንግ 50 ሳንቲም፣ ስሙኒ 25፤ ለልጆች ነው የምጽፈው)። በሽልንጓ ላምባ ይገዛል። ስለዚህ ለእኛ ኩራዝ የሚበራው በዶሮ ነው። ዶሮዋ ስትታቀፍ ቤታችን ይጨልማል፤ ቀልዴን አይደለም። «ዕንቁላል አትብሉ፣ ሌባ ያደርጋል» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ በትልቅነቴ ነው የገባኝ። የላምባ ገንዘብ ነዋ!

የእናቴ ደብተር ደግሞ ግድግዳ ነበር። ከምሰሶው ጎን በከሰል ታሰምራለች፤ አንድ ሰረዝ አንድ ጣሳ ጨው ከጎረቤት የተበደረችው፣ መስቀል የመለሰችው። ቤቱ ሲለሰን ሒሳቡም አብሮ ይለሰናል፤ ያኔ «እግዜር ያስበው» ትል ነበር።

ስለ 77ቱ ረሃብ ብዙ መጻፍ አልችልም። አንድ ዋጋ ብቻ ልናገር። አባቴ የሚያርስበትን በሬ በአንድ ኩንታል ማሽላ ለውጦ መጣ። ከዓመት በፊት በዚያ በሬ አራት፣ አምስት ኩንታል ይገዛ ነበር። ሁሉም ከብቱን ያወጣል፣ ሣር የለም፣ እህል ያለው ሰው ደግሞ አንድ ሁለት ነው። እናቴ ማሽላውን እየሰፈረች ዝም አለች። በሬው «ዳማ» ይባል ነበር።

ባለ ደብተሩ
እህቴ፣ ደብተሩ ላይ ዕንቁላልና ቅቤ አንድም ቦታ የለም። አሁን ስትዪው ነው ያስተዋልኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ።

ጓዳ
አይኖርማ! እሱ ምን ያውቃል።

ጉሬዛ
አንድ ጥያቄ። አባቴ «የሦስት ቁና መሬት»፣ «አንድ ዳውላ»፣ «ላዳን» ምናምን ይላል። ስንት ኪሎ ነው ይኼ ሁሉ?

ባለ ሚዛን
ዳውላ 20 ቁና ነው፣ ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። ቁና ወደ 5 ኪሎ።

ሰከላ
የእናንተ ቁና 5 ኪሎ ይሁን። የእኛ ቁና ይበልጣል። ያውም የሚሰፍረው ሰው ሲያርግድና ሲከምር ይለያያል። ሲበደሩህ ከምረው፣ ሲመልሱልህ በልኩ።

ባለ ሚዛን
20 ቁና ነው ወንድሜ።

ሰከላ
20 መሆኑን ማን ካደህ? የማን ቁና ነው ያልኩህ።

የመድረኩ አስተናጋጅ
የቁና ጉዳይ ለብቻው ክር ይከፈትለት። አንድ ጥማድ መሬት ምን ያህል እንደሆነም እዚያው ጨርሱት፤ ባለፈው ሁለት ሳምንት ፈጅቷል።

በደሌ
እኔ ከደርግ ወዲህ ያለውን ላምጣ፤ ነፃ ገበያም ጥርስ አለውና።

1993 እና 94 ምዕራቡ አገር በቆሎ እንደ ጉድ ሰጠ። ዝናቡ ጥሩ፣ ምርጥ ዘር ገብቷል፣ ማዳበሪያ በብድር ታድሏል። ጎተራ ሞልቶ በረንዳ ላይ ተከመረ። ከዚያ ዋጋው ወረደ፣ ወረደ፣ በ94 እኛ ገበያ አንድ ኩንታል በቆሎ 20 ብር ገባ። ጆንያው ራሱ 3 ብር ነበር! አህያ ተከራይተህ ገበያ ካደረስከው የሚተርፍህ የልጅ ሸራ ጫማ አይገዛም። ማሳ ላይ ቆሞ የቀረ በቆሎ አይቻለሁ፣ ማጨጃው ከዋጋው በልጦ።

የማዳበሪያው ዕዳ ግን በ20 ብር አይቆጠርም። ዳፕ በኩንታል ከ250 ብር በላይ ነው የወሰድነው፤ ድጎማው ከተነሳ ዓመታት ሆኖታል። ቁጠሩት፦ አንድ ኩንታል ዳፕ ለመክፈል ከ12 ኩንታል በላይ በቆሎ። ዕዳ ሰብሳቢዎች መጥተው በሬ ነዱ፤ የጎረቤታችንን የቤት ቆርቆሮ ሲነቅሉ አይቻለሁ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ያን ዓመት አቋረጥኩ።

በዓመቱ ምን ሆነ? በ1995 ድርቅ መጣ። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ይፈልጋል ተባለ። በቆሎ ተፈልጎ ጠፋ። አባቴ በ94 ማዳበሪያ መሮት በ95 ያለ ማዳበሪያ ነበር የዘራው፤ እንደሱ ያደረገው ብዙ ነው። እስከ ዛሬ ሬዲዮ «ዘንድሮ ምርቱ እጅግ ጥሩ ነው» ሲል አባቴ ፊቱ ይለወጣል።

የመርካቶ ልጅ
በ94 በቆሎ ረክሶ አይታ እናቴ «ዘንድሮስ እግዜር ታረቀን» ብላ ነበር። ይኼ ክር ትዝታዬን አንድ በአንድ እያበላሸብኝ ነው።

ይርጋለም
ቡናም ያንኑ ዓመት ነው የወደቀው። እኛ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በቆርቆሮ ነው። የብራዚል ቡና በ1967 ክረምት በውርጭ ተመታና በዓመት በሁለት ዓመቱ የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የአያቴ ቤት ቆርቆሮ የዚያ ነው። አያቴ ብራዚል የት እንዳለች አያውቅም፣ ግን «እዚያ ውርጭ ጣለ ወይ?» ብሎ ነጋዴውን ይጠይቅ ነበር። በ94 ደግሞ እሸት ቡና ኪሎው ከአንድ ብር በታች ወርዶ ለቃሚ ጠፋ። ከፍሬው የለቀማው ጉልበት በለጠ። ሐረርጌ ያሉ ዘመዶቼ ቡናውን ነቅለው ጫት የተከሉት በዚያ ሰሞን ነው። አባቴ እንሰቱን ይዞ ነው ያለፈው፤ እንሰት ገበያ አያውቅም፣ ደግነቱ።

ቁጥር ወዳድ
41 ብር ያኔ በዶላር 20 ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው 2.07 ላይ ተቸክሎ እስከ 1985 መስከረም ቆይቷልና። ስለዚህ ዋጋው «41 ብቻ» አይደለም...

በደሌ
ጌታዬ፣ ገበሬው በዶላር ጨው አይገዛም። በደብተሩ ሒሳብ እንሂድ። ጨው ኪሎ 0.80 ከሆነ አንድ ኩንታል ጤፍ 51 ኪሎ ጨው ነው። ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ኪሎ ጨው ይገዛል? በጨው ከሆነ ዛሬ ይሻላል። በማዳበሪያ፣ በበሬ፣ በቆርቆሮ አስሉት፤ መልሱ በየዕቃው ይለያያል።

የቀድሞ ጸሐፊ
ልክ ብለሃል። እኛ «አንድ በሬ ስንት ዳውላ» ነው የምንል። ብሩን ለመንግሥት ትተን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ሚዛኑ። ኮታ ማስረከብ ማለት ጭኖ ሄዶ መመለስ ብቻ አይደለም። አራት ሰዓት በአህያ ትሄዳለህ፣ ትሰለፋለህ። ተራህ ሲደርስ ሚዛን ላይ ያለው ሰው እጁን ከጆንያው ይከትና «አፈር አለው፣ አበጥረህ ተመለስ» ይልሃል። የት ነው የምታበጥረው? ነፋስ በሌለበት መንገድ ዳር? ወይ ትመለሳለህ ወይ «ለሻይ» ትላለህ። ሻዩ ውድ ሻይ ነበር። የካቲት 1982 ላይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀና ኮታው ሲነሳ፣ በእኛ ቀበሌ መጀመሪያ የተዘፈነው በሚዛኑ ሰው ላይ ነው።

ባለ ደብተሩ
አባባ፣ ትናንት ማታ የጻፉትን ሁሉ ለእናቴ አነበብኩላት። «ኮታ» ስላት ጊዜ አየችኝና «አሃ! የቀይዋ ጊደር ዓመት!» አለች። «ጤፍ ገዛ ወይ» ብዬ የጠየቅኳት ጊዜ ያልመጣላት፣ በጊደሯ መጣላት። ደብተሩን ገልብጬ አየሁ፤ እውነትም፦

«ጥር 13። ጊደር ሸጥኩ 165።»
«ጥር 14። ጤፍ 2 ኩንታል ገዛሁ 164 ብር።»
«ጥር 14። ጨው 1 ኪሎ 0.80።»

ሃያ ሳንቲም ነው የተረፈችው። ጊደሯ እናቴ ስትዳር ከአባቷ የተሰጠቻት ላም ልጅ ናት። የወተት ነገር የእሷ ነዋ፤ ስለዚህ ታስታውሳለች።

ግን ሌላ ጣጣ ተነሳ። «ስንት ይላል?» አለችኝ። «165» ስላት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «165? በ190 ነው የተሸጠች! ገዢው የአክስቴ ልጅ ነው፣ ራሱ ነግሮኛል!» አሁን ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቡና ላይ ሳይቀር «25 ብሯን የት አደረሳት» እያለች ነው። ሰውዬው ከሞተ 11 ዓመቱ!

ምላሰ ጥሬ
እናትዬ ትክክል ናቸው፣ ኦዲት ይደረግ 😂

ጓዳ
ከጎናቸው ነኝ።

የቀድሞ ጸሐፊ
ልጄ፣ ለእናትህ እንዲህ በልልኝ። 2 ኩንታል ጭኖ ለሄደ ሰው በዚያ ዓመት ለሚዛኑ «ሻይ» 20፣ 25 ብር ነበር። በደብተር የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ደብተሩ ቢገኝ ሰጪውም ያስጠይቀዋል። እኔም ጸሐፊ ሆኜ የከፈልኩትን አልጻፍኩም።

ባለ ደብተሩ
ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አሰበችና «ይሆናል» አለች። ከዚያ ደግሞ፦ «ግን ያን ዕለት ሲመጣ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር።»